ያልተለቀሰለት ሰው ዕቃ

ክረምት ገብቶ የልጅ ልጆቼ ዝናብ ያበሰበሰውን ሹራባቸውን ወንበር ላይ እየጣሉ ሲገቡ፣ የእርጥብ ሱፍ ሽታ ቀስ እያለ ቤቱን ይሞላና እኔን ከተቀመጥኩበት አንስቶ የድሮው ቤታችን ደጃፍ ላይ ያቆመኛል። ለእነሱ የሚሸታቸው ሹራብ ነው፤ ለእኔ ግን ካፖርት ነው። ሱፉ፣ የቀበቶው ቆዳ የተቀባው ሞራ፣ የብረቱ ዝገት፣ ሁሉም ተደባልቆ ይመጣብኛል። ያ ሽታ በልጅነቴ በአዳማ ከተማ ከእኛ ቤት በስተቀር የትም አልነበረም፤ በዚያ በሚያነድድ አገር የሱፍ ካፖርት ለማን ይሆናል? የማናችንም አልነበረም። ግድግዳችን ላይ ተሰቅሎ ከእኛ ጋር የኖረ፣ የአንድ ጀርመናዊ ወታደር ካፖርት ነበር።

ቤታችን ከባቡር ጣቢያው ጀርባ ነበር፤ ባቡር ባለፈ ቁጥር ግድግዳው ስለሚንቀጠቀጥ እናቴ አስካለ የሸክላ ዕቃ ከፍ አድርጋ አታስቀምጥም ነበር። አባቴ ቱፋ ለባቡር ውሃ የሚሞላ ሠራተኛ ነበር። ከጅቡቲ የመጣው ባቡር እያለከለከ ሲቆም፣ ከውሃው ማማ ሥር ቆሞ ቱቦውን ይስብና የባቡሩ ሆድ እስኪጠግብ ያጠጣው ነበር። በቤትም ያው ነው፤ በእኛ ቤት ውሃ የጠየቀ ሰው ሁለተኛ አይጠይቅም ነበር። እኛ ልጆቹ እንኳ «ጠማኝ» ካልን፣ ምግብ ላይ ቢሆን የጠቀለለውን ጉርሻ መልሶ አስቀምጦ፣ ራሱ ተነሥቶ ይቀዳልን ነበር። እናቴ «እኚህ ሰው በውሃ ስለት አለባቸው» እያለች ትስቅበት ነበር።

የከተማው ሰው «ቱፋ ጀርመን» ነበር የሚለው። አባቴ ልጅ እግር ሳለ የሞጆ አካባቢ መንደሩን ትቶ፣ ሐዲድ ከሚዘረጉት ጋር ወደ ቆላ ወርዶ፣ ጅቡቲ ደርሶ፣ መርከብ ላይ ዕቃ ጫኝ ሆኖ፣ ባሕር ባሕሩን ኋላ ታንጋኒካ በተባለው አገር ሲወርድ ያኔ አገሩን የያዙት ጀርመኖች ወታደር አድርገው ቀጠሩት። ታላቁ የፈረንጆች ጦርነት እዚያው ደረሰበት። ከእንግሊዞች ጋር ጫካ ለጫካ ሲሳደዱ ከርመው ጦርነቱ ሲያልቅ፣ አባቴ በእግሩ በኬንያ፣ በቦረና አድርጎ፣ አርሲ ነገሌ ገበያ ላይ ከእህል ነጋዴዎች ጋር ተቀላቅሎ አዳማ ገባ። ጀርባው ላይ ያለው ጓዝ ግን የራሱ አልነበረም። ካርል የሚባል የአለቃው ጓዝ ነበር። አባቴ «ብዋና ካርል» ይለው ነበር፤ ብዋና በዚያ አገር ቋንቋ ጌታዬ ማለት ነው።

ሌላው ሰው ጋሻና ጎራዴ፣ ወይም የቅዱስ ጊዮርጊስን ሥዕል በሚሰቅልበት በዋናው ግድግዳ ላይ አባቴ የካርልን ዕቃ ሰቅሎት ነበር። መካከሉ ላይ ያ ግራጫ ካፖርት፣ እጅጌዎቹ እንዲዘረጉ ውስጡ አግዳሚ እንጨት ገብቶበት ይታያል፤ ከበላዩ አንድ ጎኑ ወደ ላይ የታጠፈ ባርኔጣ፣ ወገቡ ላይ ዘውድ የተቀረጸበት ዘለበት ያለው ቀበቶ ከነሳንጃው፣ ከሥሩም ቡት ጫማ። ደረቱ ላይ አንድ ጥቁር የብረት መስቀል ተንጠልጥሎ ነበር፤ አባቴ የጀግና ሽልማት ነው ይል ነበር። በስተቀኝ፣ ለብቻዋ በተመታላት ምስማር ላይ፣ ወፍራም ጨርቅ የለበሰች የውሃ ኮዳ ነበረች፤ አንገቷ ላይ ባለው ብረት የካርል ስም በፈረንጅ ፊደል ተፍቆባታል። በስተግራ ደግሞ አንዲት ፈረንጅ አሮጊት፣ ጥቁር ለብሳ፣ እጆቿን ጭኗ ላይ አጣምራ፣ ከትንሽ ፎቶግራፍ ውስጥ ታየን ነበር። የካርል እናት ናት። ከሁሉ አብልጬ የምፈራው እሷን ነበር፤ የትም ብቆም ዓይኗ አይለቀኝም ነበር።

አባቴ ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ዕቃውን አንድ በአንድ እያወረደ ሲወለውል፣ ሞራ ሲቀባ፣ አቧራ ሲያራግፍ ይውልና መልሶ በየቦታው ይሰቅለው ነበር። እንድንነካው አይፈቅድም። ባቡር ውሃ እስኪጠጣ ድረስ ከሚወርዱት መንገደኞች መካከል ፊቱ የቀላ ፈረንጅ ካየ ግን ይጠጋና «ጀርመን?» ይል ነበር። ግሪኩም፣ አርመኑም፣ ፈረንሳዩም ተከትሎት መጥቶ ግድግዳችንን አይቶ ሄዷል፤ አንዳንዱ ልግዛህ ሲለው አባቴ በትሕትና ክንዱን ይዞ ከደጅ ይሸኘው ነበር። «ከመንገደኛው አንዱ ወገኑን ቢያውቅስ» ይለን ነበር። «ለእናቴ አድርስልኝ ብሎኛል።» እኛም አመንን። አባት ተናግሮ የማይታመን ልጅነት አላሳለፍንም።

የአዳማ የበጋ ነፋስ የታወቀ ነው፤ አቧራውን አዝሎ መጥቶ፣ በጣሪያውና በግድግዳው መካከል ባለው ክፍተት ገብቶ ካፖርቱን ከውስጥ ይነፋው ነበር። ደረቱ ቀስ ብሎ ከፍ ይላል፤ ቀስ ብሎ ይወርዳል። ታላቅ ወንድሜ ተፈራና እኔ ደፉ ላይ ተቀምጠን «ተነፈሰ፣ አልተነፈሰም» እየተባባልን እንወራረድ ነበር። ተፈራ ደፋር ነበርና ተጠግቶ እጁን ደረቱ ላይ ሊያደርግ ይሞክራል፤ እኔ ደግሞ የልብሱን ጫፍ ይዤ እጎትተዋለሁ። አንድ ቀን አባቴ ከኋላችን ቆሞ ሰማን። ቁጣ የማያውቀው ሰው ፊቱ አመድ መስሎ፣ «ይህን ቃል ሁለተኛ በዚህ ቤት እንዳልሰማ» ብሎ ወጣ። የትኛውን ቃል እንዳለ እንኳ አልገባንም።

በልግ ጣል ጣል ሲያደርግ አክስቴ የሺ ከምንጃር መጣች። የእናቴ ታላቅ እህት ናት፤ ወደ እኛ ቤት ስትመጣ የመጀመሪያዋ ነበር። የሺ በምንጃር ስሟ የተጠራ አልቃሽ ነበረች። የሞተውን ስም፣ የእናቱን ስም፣ አሟሟቱንም ጠይቃ፣ በግጥም እያወረደች አገር ታስለቅስ ነበር። በእነሱ ደንብ ሰው ሲሞት ልብሱና የጦር መሣሪያው ለቅሶው መካከል ይወጣል፤ ልብሱ እንጨት ላይ ተዘርግቶ፣ ባርኔጣው ከላይ፣ ጫማው ከሥር ይሆናል፣ ሰውም ያንን እያየ ያለቅሳል። ለቅሶው ካለቀ በኋላ ግን ልብሱ ለነዳያን ይሰጣል እንጂ ከቤት አያድርም።

እንግዲህ የሺ ጤፍ የጫነች አህያዋን ከደጅ አስራ፣ «ቤቶች» ብላ ስትገባ ቤቱ ውስጥ ማንም የለም፤ ቀና ስትል ግን የተዘረጋ የወታደር ልብስ፣ ከላዩ ባርኔጣ፣ ከሥሩ ጫማ። የእህቷ ባል ወታደር እንደነበረ ሰምታለች። ሌላ ምን ትበል? ነጠላዋን አውልቃ ወገቧ ላይ አስራ ጮኸች። ጓሮ ቃሪያ ስትኮተኩት የነበረችው እናቴ ደግሞ የእህቷን ድምፅ ስትሰማ፣ ከምንጃር መርዶ ይዛ መጣች ብላ፣ አባታችን ሞተ ብላ፣ ደረቷን እየመታች ገባች። ሁለቱ ተቃቅፈው፣ አንዷ ለአባቷ፣ አንዷ ለእህቷ ባል ያለቅሳሉ። ጎረቤታችን እማማ ዘይነባ፣ ከወሎ መጥታ ጨውና በርበሬ የምትነግድ ደግ ሴት፣ ሱቋን እንኳ ሳትዘጋ ሮጣ መጥታ መካከላቸው ገባች፤ ለቅሶ ማን ሞተ ተብሎ አይደረስም። በዚህ መካከል አባቴ፣ ሱሪው በውሃ እንደራሰ፣ ከሥራ ገባ።

«ማን ሞተብን?» አለ።

አክስቴ ቀና ብላ አየችውና፣ «አንተ» አለችው።

ከዚያ የተሳቀው ሳቅ እስከ ጣቢያው ተሰማ። እማማ ዘይነባ ሆዷን ይዛ መሬት ተቀመጠች። አክስቴ ግን ቀድማ ሳቋን አቆመችና ወደ ግድግዳው ዞረች።

«ታዲያ የማን ነው?»

«የአለቃዬ ነው፣ እትዬ» አላት አባቴ።

«ሞቷል?»

«መሞቱን ማን አየ።»

«ካልሞተ ልብሱ እዚህ ምን ይሠራል? ከሞተ ደግሞ ሳይለቀስለት እንዴት ይሰቀላል?»

እናቴ ጣልቃ ገብታ፣ «ፈረንጅ ነው እኮ፣ እትዬ» አለቻት።

አክስቴ በጣቷ ወደ ፎቶግራፉ አመለከተች። «ፈረንጅስ እናት የለችውም? ያቻት አይደለችም?»

አክስቴ የተመለሰች ዕለት አህያዋን እየጫነች ለእናቴ የነገረቻትን ሰምቻለሁ። «አስካለ፣ ያልተለቀሰለት ሰው ደጅ አይለቅም። ልጆችሽን ጠብቂ» አለቻት። እናቴ ከእኔ በኋላ የወለደቻቸውን ሁለት ሕፃናት ቀብራለች። እስከዚያ ቀን ድረስ የእግዜር ሥራ ነው ብላ ነበር የተቀመጠችው፤ ከዚያ ቀን ወዲህ ግን ካፖርቱ ወዳለበት ወደ እንግዳው ክፍል ስትገባ ዓይኗን ከመሬት አታነሣም ነበር።

ክረምት ሲገባ ካፖርቱ እርጥበት እየጠጣ ይከብድና መሽተት ይጀምር ነበር። በዚያ ዓመት እናቴ መኝታችንን ከዚያ ክፍል አንስታ ወደ ማድቤቱ ጥግ አዛወረችው። ሽታው ግን እዚያም ድረስ ተከትሎን መጣ። እኔ የእሷ ፍርሃት ተጋብቶብኝ ከካፖርቱ ፊት ለፊት በሩጫ እንጂ በእርምጃ አላልፍም ነበር፤ ተፈራ ደግሞ ሆን ብሎ ቆሞ ሰላምታ ይሰጠው ነበር፣ እኔን ለማስለቀስ።

በሐምሌ አንድ ቀን ጎርፍ ሐዲዱን ጠርጎት ባቡሩ አዳማ ላይ ቆሞ ዋለ። አባቴ አንድ ሽማግሌ ፈረንጅ ይዞ ዝናቡ ውስጥ እየሮጠ ሲመጣ አየሁ። በዚህ ሁሉ ዓመት ከመጡት እንግዶች የመጀመሪያው ጀርመን እሱ ነበር። ሽማግሌው ገና ደፉን ሲረግጥ ባርኔጣውን አወለቀ። የካፖርቱን አንገት ገልብጦ አነበበ፤ ዘለበቱን በአውራ ጣቱ አበሰ፤ ከፎቶግራፉ ፊት ብዙ ቆመ። ከዚያ አባቴ ባለችው ትንሽ ጀርመንኛ፣ ሽማግሌውም ቀስ እያለለት፣ ተነጋገሩ። ኋላ አባቴ እንደነገረን፣ ኮዳዋ ላይ ያለው ካርል ሚለር የሚባል ስም በእነሱ አገር እንደኛ ገብሬ ነው፤ ገበያ መካከል ድንጋይ ብትወረውር አንዱን ትመታለህ ብሎታል። ከየትኛው ከተማ ነው ቢለው አባቴ አያውቅም። የእናቱ ስም ማነው ቢለው አያውቅም። አባቴ ፎቶግራፉን አውርዶ «ውሰድላት» ብሎ ሲዘረጋለት ሽማግሌው ራሱን ነቀነቀ። መጨረሻ ላይ አንድ ነገር ጠየቀው፤ ያንን አባቴ ሳይመልስ አቀረቀረ። ሽማግሌው ለካፖርቱ እንደ ወታደር ሰላምታ ሰጥቶ ወደ ዝናቡ ወጣ።

«አባባ፣ መጨረሻ ላይ ምን አለ?» አልኩት።

«ኢንተላ ኮ» አለኝ፤ የኔ ልጅ ማለቱ ነው፣ ልቡ ሲነካ በኦሮምኛ ነበር የሚያናግረኝ። «ምንም አላለ።»

መስቀል አልፎ ውሃው በየጉድጓዱ ሲቆም የአዳማ ወባ ይነሣል። በመስቀል ሰሞን ተፈራ አባቴ ሥራ ላይ ሳለ ባርኔጣውን አውርዶ፣ ቀበቶውን ታጥቆ፣ የሰፈሩን ልጆች አሰልፎ «ግራ፣ ቀኝ» ሲያሰኝ እናቴ ደረሰችበት። አልመታችውም። ዕቃውን ከላዩ ገፍፋ መልሳ ከሰቀለች በኋላ ፊቱን በነጠላዋ ጠረገችው፣ ቆሻሻ የነካው ይመስል። ሳምንት ሳይሞላ ተፈራን ንዳድ ጣለው።

ከጣቢያው ኪኒን መጣ፤ ከማርያም ጸበል መጣ። ንዳዱ መለስ ይልና እንደገና ይይዘዋል። አንድ ከሰዓት በኋላ አባቴ አጠገቡ ቁጭ ብሎ በጣሳ ውሃ ሲያጠጣው፣ ተፈራ ጣሳውን በእጁ ገፋ አደረገና፣ ወደ እንግዳው ክፍል እያየ፣ «ለሰውዬው ስጠው። ከቅድም ጀምሮ ውሃ፣ ውሃ እያለኝ ነው» አለ። ንዳድ የያዘው ልጅ የሚለውን ሁሉ ማን ይቆጥርበታል? ነገር ግን ውሃው ከአባቴ እጅ ላይ ፈሰሰ፤ ጣሳውን እንኳ ሳያነሣ ወጥቶ ሄደ።

እናቴ ተከትላው ወጣች። በትዳሯ ዘመን ሁሉ «አንቱ» ስትለው የኖረች ሴት ያን ቀን «አንተ» አለችው።

«አንተ ሰው፣ ይህን ሰውዬ አስለቅሰህለት ከቤቴ አውጣልኝ። ልጄን ሊወስድብኝ ነው።»

«እናቱ ሳታለቅስለት እኔ አላስለቅስም» አላት።

«እናቱ አልሰማች፣ አታለቅስ። እኔ ግን በልጄ ላለቅስ ነው።»

«አስካለ፣ ተይኝ» ብሎ ወደ ማማው ሄደ።

እሷም አልተወችውም። በምንጃር ነጋዴዎች መልእክት ላከችና በቀጣዩ ገበያ አክስቴ የሺ መጣች። አክስቴ ስትሰማ መጀመሪያ ያለችው፣ «ስሙን አውቄያለሁ፤ እናቱንም ይኸው አየኋት። አሟሟቱን ሳላውቅ ግን ምን ብዬ ላልቅስ?» ነበር። «እሱን የሚያውቅ ባሌ ነው፤ እሱ ደግሞ አይናገርም» አለች እናቴ። የሺ ጥቂት አሰበችና «እንግዲያው የማውቀውን አለቅሳለሁ» አለች።

አባቴ ለጠዋቱ ባቡር ውሃ ሊሞላ እንደወጣ ዕቃውን ከግድግዳው አውርደው ግቢያችን ውስጥ ካለው ግራር ሥር አወጡት። ካፖርቱን እንጨት ላይ ዘረጉት፣ ባርኔጣውን ደፉበት፣ ጫማውን ከሥር አኖሩት፤ የእናቱን ፎቶግራፍ ሐዘንተኛ በሚቀመጥበት በኩል ወንበር ላይ አስቀመጧት። አንዲት ጎረቤት «ለመሆኑ ክርስቲያን ነው?» ብትል አክስቴ ደረቱ ላይ ያለውን የብረት መስቀል አሳየቻት። እማማ ዘይነባ ንፍሮ በሰፌድ ይዛ ገባችና «ምንም ይሁን፣ አላህ እናቱን ያጥናት» ብላ ተቀመጠች። ለቅሶው ሲጀመር ሴቱም ወንዱም ከየቤቱ መጣ። ማንም ካርልን አያውቅም፤ ግን ማን ያላለቀሰለት ሙት የለውም? እናቴ ሁለቱን ሕፃናቷን በስማቸው እየጠራች ስታለቅስ የሰማሁት በዚያ ሰው ለቅሶ ላይ ነው።

ማማው ከቤታችን ብዙም አይርቅም። ጩኸቱን ሲሰማ፣ ከእኛ ግቢ እንደሆነ ሲለይ፣ አባቴ የሚያስበው አንድ ነገር ብቻ ነበር። ቱቦውን ለቅቆት ሮጠ፤ ውሃው ሐዲዱ ላይ ሲፈስ እንደዋለ ኋላ ሰምተናል። ሰዉን ገፍቶ፣ ለቅሶውን ሳያይ አልፎ ቤት ሲገባ እኔ ከተፈራ አጠገብ ነበርኩ። እንደዚያ ያለ ፊት ከዚያ በፊትም ከዚያ በኋላም አላየሁም። ተፈራ ትራሱን ተደግፎ ተቀምጧል፤ «አባባ፣ ማነው የሞተው?» አለው። አባቴ የልጁን ጭንቅላት በሁለት እጁ ይዞ ብዙ ቆየ፣ ትኩስ መሆኑን፣ መተንፈሱን እየዳሰሰ። ከዚያ ቀስ ብሎ ወጣ። ሊቆጣ ነው ብለን ሁላችንም ጠበቅን። አክስቴም አይታዋለች፤ ግን አላቆመችም።

«ካፖርቱንም ሰቅሎ ባርኔጣውን ሰቅሎ፣
የት ሄደ ባለቤት እመጣለሁ ብሎ።»

አባቴ ከካፖርቱ ፊት ደርሶ መሬት ላይ ተቀመጠ።

«እመጣለሁ ያለው እሱ አይደለም፣ እትዬ» አለ። «እኔ ነኝ።»

አባቴ ከካፖርቱ ጎን የነበረችውን ኮዳ አንስቶ ጭኑ ላይ አስቀመጠና ወደ ፎቶግራፉ ሴትዮ እያየ ተናገረ፤ ለእኛ ሳይሆን ለእሷ ይነግራት ነበር።

«ወባ ጥሎት ነበር። ዛፍ ሥር አስተኛሁት። ውሃ ስጠኝ አለኝ። እመጣለሁ ብዬው፣ ጓዙን ከጀርባዬ ሳላወርድ፣ ኮዳውን ይዤ ወደ ወንዙ ወረድኩ። ሞላሁት። ተኩስ ሰማሁ፣ እንግሊዞች ደርሰው ነበር። ኮዳው ሙሉ ነበር። ሙሉ ኮዳ ይዤ ወንዙን ተሻግሬ ሄድኩ። ስለየው ይተነፍስ ነበር። ለእናቴ አድርስ አላለኝም፤ እኔ ነኝ የፈጠርኩት። እሱ ያለኝ ውሃ ብቻ ነው።»

ማንም አልገሠጸውም። ያ ሽማግሌ ጀርመን በዝናቡ ቀን የጠየቀው አሟሟቱን እንደነበረ ያኔ ገባኝ። አክስቴ የሺ ነጠላዋን አጥብቃ ታጠቀችና፣ አሟሟቱ የታወቀለትን ሰው በደንቡ ማልቀስ ጀመረች።

«እናቱ ባትሰማ ባሕር ማዶ ሆና፣
እኛ እናልቅስለት ሰው የሰው ነውና።»

አባቴ ያን ቀን ያለቀሰውን ያህል ወንድ ልጅ ሲያለቅስ አላየሁም። ሲመሽ ለቀስተኛው ሲበተን እየተነሣ «እግዜር ያጥናህ» ይለው ነበር፤ እሱም እንደ ሟች ወንድም አንገቱን ደፍቶ ይቀበል ነበር።

ተፈራ ዳነ። የጣቢያው ሰዎች ኪኒኑ ነው ብለዋል፤ እናቴ ግን የምታውቀውን ታውቃለች፤ እኔም በዚህ ዕድሜዬ ከሁለቱ አንዱን ምረጪ ብባል ዝም ነው የምለው። ካፖርቱና ጫማው በደንቡ መሠረት ማርያም ደጃፍ ለሚቀመጥ ለማኝ ተሰጡ፤ ምስኪኑ በዚያ ፀሐይ ካፖርቱን እስከ አንገቱ ቆልፎ ሲቀመጥ የከተማው ወጣት ሁሉ እንደ ጄኔራል ሰላምታ ይሰጠው ነበር። ሳንጃው የእናቴ የቃሪያ መኮትኮቻ ሆነ። የተቀረው በየመንገዱ ጠፋ። ግድግዳው ላይ አባቴ መልሶ የሰቀለው ፎቶግራፏንና ኮዳዋን ብቻ ነው። ፈረንጅ እየያዘ መምጣቱንም ተወ።

ኢጣሊያ በመጣበት ዓመት ተፈራ ገና ጢሙን ያላበቀለ ጎረምሳ ነበር። ከዘማቾች ጋር ወደ ሰሜን ሊሄድ በተነሣበት ጠዋት አባቴ ኮዳዋን ከምስማሯ አወረደ፣ ራሱ ውሃ ሞላት፣ በተፈራ ትከሻ ላይ አነገታትና፣ «ውሃ ካለህ፣ ለጠየቀህ ሁሉ ስጥ» አለው። ሌላ ምክር አልሰጠውም። እናቴ የሟች ዕቃ ለልጇ ሲሰጥ አይታ ኮዳዋን በነጠላዋ ጠረገቻት።

ተፈራ አልተመለሰም። መርዶ የሚነግረን አንድ ሰው እንኳ አልመጣም። አባቴ ከጦርነት የሚመለሰውን ሁሉ ጣቢያው ላይ እያስቆመ ሲጠይቅ ኖረ፤ ድሮ «ጀርመን?» ይል በነበረበት ድምፅ አሁን የልጁን ስም ይጠራ ነበር። ብዙ ቆይቶ፣ እናቴ ተስፋ ስትቆርጥ፣ አክስቴ የሺ አርጅታ በሰው ተደግፋ ከምንጃር መጣች። ልብሱ ይውጣ ሲባል ልብስ የለም፤ ያለችውን አንዲት ልብስ ለብሷት ነው የሄደው። የቀረን የኮዳዋ ምስማር ነበር። ከግድግዳው ፊት ቆመን ወንድሜን በባዶ ምስማር አለቀስነው። የሺ እንደ ልማዷ «አሟሟቱስ?» ብላ ጠየቀች። አባቴ ጥግ ላይ እንደተቀመጠ ቀና ብሎ ምስማሩን አየ።

ዛሬ ከተማችን ናዝሬት ተብላለች፤ ድሮ ሌሊቱን በጅብ ድምፅ የምናድርባት አገር በከባድ መኪና ጩኸት ታድራለች፣ ያ ቤታችንም ፈርሶ የሾፌሮች ማደሪያ ተሠርቶበታል። የካርል እናት ከእኔ ጋር ናት፤ አልፈራትም፣ አሁን እኔ በዕድሜ እበልጣታለሁ። ያኔ የእሷ ልጅ በእኛ ግድግዳ ላይ ይኖር ነበር። ዛሬ ደግሞ የእናቴ ልጅ በአንድ የኢጣሊያ ቤት ግድግዳ ላይ ይኖር ይሆናል፤ ኮዳዋ ከሐበሻ ሬሳ ላይ የተወሰደች ናት እየተባለች ለእንግዳ ትታይ ይሆናል፤ አንገቷን የሚያነብ ግን የሚያገኘው የሌላ ሰው ስም ነው። እንደ አክስቴ የሺ ያለች፣ ማን ሞተ ብላ የማትጠይቅ ሴት ወደዚያ ቤት ትግባ እላለሁ።

ሌላም አስባለሁ። ወንድሜን ከአንድ ዛፍ ሥር ትቶ፣ እመጣለሁ ብሎት የሄደ ሰው አንድ ቦታ ይኖራል፤ አርጅቷል፣ ለልጆቹ ሌላ ታሪክ ነግሯቸዋል፣ ውሃ የጠየቀውን ሰው ሁሉ ራሱ ተነሥቶ ያጠጣል። ያ ሰው በእግሩ መጥቶ ደጄን ቢያንኳኳ አላባርረውም። አስቀምጬ ውሃ እቀዳለታለሁ፤ ሲጠጣ እጠብቀውና የወንድሜን አሟሟት እጠይቀዋለሁ።